የጎረቤት እሳት
በአቱካል በዓል ያየነው እንግዳ ተቀባይነት

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ምድጃዋ የጠፋባት እመቤት ገል ይዛ ወደ ጎረቤት ብቅ ትል እንደ ነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ። ጎረቤትም አመዱን ቆፈር ቆፈር አድርጋ ከፍሟ ታካፍላታለች። እሳት ቢሰጡት የማይጎድል ሀብት ነውና ሰጪም አትሳሳም፣ ተቀባይም አታፍርም። እሳት መጫር የጉርብትና የመጀመሪያው ፊደል ነበር ለማለት ይቻላል። ይህ ጥንታዊ ልማድ በአንዲት ትልቅ ከተማ አውራ ጎዳናዎች ላይ፣ በአንድ ረፋድ፣ እጅግ ብዙ በሆኑ ሴቶች መካከል ሲፈጸም በዓይናችን አይተናል። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለዚሁ ነው።

ከተማዋ በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የኬረላ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ቲሩቫናንታፑራም ናት። ቀኑም እሑድ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024 ነበር። በዓሉ «አቱካል ፖንጋላ» ይባላል። ፖንጋላ ማለት ፈልቶ መገንፈል ማለት ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ሕንድ ለሠራዊታችን እንግዳ አገር አይደለችም። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም አሠልጣኞቹ ከሕንድ ጦር የመጡ መኮንኖች ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የሕንድ መምህራን መካከልም ብዙዎቹ የኬረላ ተወላጆች ነበሩ። እነዚያን መምህራን ያሳደጉ እናቶች በዓመት አንድ ቀን በአደባባይ የሚያደርጉትን ለማየት መጓጓታችን እንግዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ወንዝ ያሻገረው እንግዳ ተቀባይ

የአቱካል ቤተ መቅደስ በከተማው መሐል ከሚገኘው ከስመ ጥሩው የፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ ቢርቅ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ አመሠራረቱ የሚነገረው አፈ ታሪክ የሚጀምረው በእንግዳ ተቀባይነት ነው። ሙሉቪቲል የሚባለው ቤተሰብ አባወራ አንድ ምሽት በኪሊ ወንዝ ዳር ሳለ አንዲት ልጃገረድ ወንዙን እንዲያሻግራት ትለምነዋለች። አባወራው አሻግሯት ብቻ አልቀረም። ማንነቷን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ወስዶ ሊያስተናግዳት ይነሣል። ቤተሰቡ መስተንግዶውን ሲያሰናዳ ልጅቷ ድንገት ትሰወራለች። ሌሊት በሕልሙ ተገልጣ ሦስት መስመር ተሰምሮ በሚያገኝበት ሥፍራ ማደሪያ እንዲሠራላት ትነግረዋለች። ቤተ መቅደሱ የቆመው በዚያ ሥፍራ ነው ይባላል።

ምእመናኑ በዚህ ሥፍራ የምትከበረውን አምላክ ከካናጊ ጋር ያዛምዷታል። ካናጊ «ሺላፓዲካራም» በተባለው ጥንታዊ የታሚል የግጥም ድርሳን የምትገኝ ሚስት ናት። ባሏ ኮቫላን የንግሥቲቱን የእግር አልቦ ሰርቀሃል ተብሎ በሐሰት ይከሰስና በማዱራይ ከተማ በንጉሡ ትእዛዝ ይገደላል። ካናጊ በንጉሡ ፊት ቀርባ የራሷን አልቦ ሰብራ አሳየች። የንግሥቲቱ አልቦ ውስጡ ሉል ሲሆን የእርሷ ግን ቀይ ዕንቍ ነበር። የባሏ ንጽሕና ታወቀ፤ ንጉሡ ሞተ፤ ማዱራይም በቍጣዋ እሳት ጋየች። ካናጊ ከዚያ ተነሥታ ወደ ኬረላ ስታልፍ በአቱካል ዐርፋለች የሚለው እምነት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። እንግዲህ ይህ በዓል በባሏ ላይ ግፍ የተፈጸመባት ሴት ቍጣዋ እንዲበርድ፣ ሴቶች ጣፋጭ አብስለው የሚያቀርቡበት በዓል ነው። እምነቱ የእኛ ባይሆንም፣ ባሏ ከቤት በራቀ ቍጥር ልቧ የሚሰቀል ሴት ሁሉ ነገሩን ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች ብለን እንገምታለን።

ሦስት ጉልቻ በአውራ ጎዳና

በዓሉ ዐሥር ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት የካናጊ ታሪክ በዜማ ይተረካል። ፖንጋላ የሚከናወነው በዘጠነኛው ቀን ነው። ምግቡን የሚያበስሉት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የወንዶች ድርሻ መሸከም፣ ውሃ ማደልና መንገድ ማስከበር ነው። ከዚህም የተነሣ ከእኛ መካከል ሴቷ ባልደረባችን ከምድጃዎቹ መሐል ስትቀመጥ፣ ወንዱ ከመንገዱ ጠርዝ ሆኖ የውሃ እንስራ ከሚያመላልሱት ጋር ዋለ።

የሕዝቡ ብዛት ለመናገር ያስቸግራል። በ1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1.5 ሚሊዮን ሴቶች ተገኝተው በዓሉ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ በጊነስ ሰፍሯል፤ በ2009 ደግሞ ቍጥሩ 2.5 ሚሊዮን ደርሶ ክብረ ወሰኑ ታድሷል። ቤተ መቅደሱ ዙሪያ ያለው ሥፍራ ይህን ሕዝብ ከቶ አይችለውም። ስለዚህ ምድጃዎቹ በየመንገዱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ በባቡር ጣቢያው አካባቢና በግለሰቦች ደጃፍ ኪሎ ሜትሮችን አልፈው ይዘረጋሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ከዋዜማው ጀምረው ይመጣሉ። ሦስት ጡብ አኑረው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ሌሊቱን ከጎኑ ሰሌን አንጥፈው ያድራሉ። ነጭ ሸማቸው በወርቃማ ጥለት የተዋበ ነውና፣ ገና ጎሕ ሲቀድ መንገዱን ላሻገረ ዓይን የጥምቀት ዕለት የጃንሜዳን ሜዳ ያስታውሳል።

የእያንዳንዷ ስንቅ ቀላል ነው፦ አዲስ የሸክላ ምንቸት፣ ሩዝ፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ የረጋ ቡናማ ስኳር፣ ሙዝ፣ ንጥር ቅቤና ጥቂት ሄል። ማገዶው የኮኮናት ዛፍ ደረቅ ዝንጣፊ ነው። ባለጸጋዋም ድኻዋም የሚጥዱት ያንኑ ምንቸት በዚያው ጡብ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንዱን ጭስ ይጋራሉ።

እሳቱ ሲመጣ

ረፋዱ ላይ ዜማው ንጉሡ የሞተበት ክፍል ላይ ሲደርስ፣ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሊቀ ካህናቱ ካቀበሉት እሳት ዋናው ካህን የውስጡን ምድጃ ይለኩሳል። ከዚያም ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ምድጃ ይቀጣጠላል። በዚያች ቅጽበት ከበሮው ይመታል፤ ርችት ይተኮሳል፤ ሴቶቹም እልል ይላሉ። አዎን፣ እልልታው የእኛው እልልታ ነው! ባልደረባችን ሳታስበው አብራ እልል ማለቷን በኋላ ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሳቱ ይጓዛል። ከትልቁ ምድጃ አጠገብ ያለችው ሴት ዝንጣፊዋን ለኵሳ የራሷን ታያይዛለች፤ ከእርሷ ቀጥላ ያለችው ከእርሷ ትቀበላለች፤ ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ። አንዲት ሴት ለሚቀጥለው ምድጃ ብቻ እሳት ታቀብላለች፤ ነገር ግን እሳቱ ከመንገድ መንገድ እየታጠፈ፣ ከሠፈር ሠፈር እየዘለለ ከተማውን ያዳርሳል። እኛ ከነበርንበት መንገድ ሲደርስ ጭሱ ቀድሞ መጣ፤ ቀጥሎ ሳሉ፤ ቀጥሎ ሳቁ። ፀሐዩ ከላይ፣ እሳቱ ከታች ነው። ሙቀቱ ቀላል አልነበረም። ራሷን ስታ በቃሬዛ የተወሰደች ሴት አይተናል። ቀሚሷን እሳት እንዳይበላት ጎረቤቷ ጎትታ ያዳነቻትም ነበረች። በዓል ነው ተብሎ ችግሩ አይሸሸግም።

የተሰነጠቀችው ምንቸት

ከባልደረባችን በስተቀኝ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ከሩቅ ወረዳ ብቻዋን የመጣች ነበረች። ውሃ ታድል የነበረች አንዲት የኮሌጅ ተማሪ በእንግሊዝኛ እያስተረጎመችልን ጥቂት ተጨዋወትን። ባለቤቷ ወታደር ነው። በሰሜኑ ተራራማ ድንበር ዘብ ቆሟል። «አምና ጡቡን ተሸክሞ ያደረሰልኝ እርሱ ነበር» አለች። «ዘንድሮ የተሸከሙልኝ ስማቸውን የማላውቅ ሰዎች ናቸው።» የመጣችው ስለ እርሱ ደኅንነት ስእለቷን ለማድረስ ነበር።

ውሃው ሞቆ ሩዙ ከተጨመረ በኋላ ከምንቸቷ ጠስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሸክላው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ውሃው እሳቱን አጠፋው። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በእርሷ ዘንድ የፈሰሰው ውሃ ብቻ እንዳልነበረ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ምንቸት ሞልቶ መገንፈሉ የመልካም ነገር ምልክት በሆነበት ቀን፣ ስለ ባሏ የጣደችው ምንቸት ሳይገነፍል ተሰነጠቀ።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን የነበሩ አንዲት ጠና ያሉ እናት ከዘንቢላቸው ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አዲስ ምንቸት ነበር። ያለ አንዳች ንግግር ከሦስቱ ጡቦች ላይ አኖሩት። ከግራ ያለችው እፍኝ ሩዝ ጨመረች፤ ከፊት ያለችው ስኳሩን ቆርሳ ሰጠች፤ ሌላዋ ኮኮናቱን፤ ሌላዋ ውሃውን። አንዲት ልጅ እግር የሚነድ ዝንጣፊ አቀበለች። እኛ የሆነውን ነገር በቅጡ ሳንረዳ ምድጃው ዳግመኛ ነደደ። በአማርኛችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ይህንኑ ነው።

ወጣቷ ወደ ሴትዮዋ ዞራ «ቼቺ» አለቻቸው። ቼቺ በአገሩ ቋንቋ እንደ እኛ «እትዬ» ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው። «ቼቺ፣ ምንቸቱን የት አምጥቼ ልመልስልዎ?» ስትል ጠየቀች። እርሳቸውም እሳቱን እየቆሰቆሱ «ለእኔ አትመልሺ። በሚመጣው ዓመት ሁለት ምንቸት ይዘሽ ነይ» አሏት።

በተማሪዋ አማካይነት ነገሩን ስንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱን። በወጣትነታቸው እርሳቸውም ምንቸት ተሰንጥቆባቸው የማያውቋት ሴት ሰጥታቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ወደ በዓሉ በመጡ ቍጥር ሁለት ይዘው ይመጣሉ። አንዳንድ ዓመት ሁለተኛው ሳይፈለግ ተመልሶ ይሄዳል፤ አንዳንድ ዓመት ግን ባለቤቱን ያገኛል። ይህን የመሰለ ነገር ወታደር ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል፤ ስሙ መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያ የሌለው ጦር ክፉ ቀን ሲመጣ ከኀዘን በቀር የሚያዋጣው አይኖረውም። ሴትዮዋ ከኀዘኔታ ይልቅ ምንቸት ይዘው ነበር የመጡት፤ ለማንኛዋ ሴት እንደሚሆን ሳያውቁ ከቤታቸው ሲነሡ የያዙት ምንቸት።

የከተማው መጠባበቂያ

በኋላ በከተማው ስንዘዋወር ያስተዋልነው ሁሉ የዚችው የሁለተኛዋ ምንቸት ዘመድ ሆኖ አገኘነው። ባቡርና አውቶቡስ ለዕለቱ ተጨማሪ ጉዞ ያዘጋጃሉ። ባለ ሦስት እግር ታክሲ ነጂዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ የሠፈር ማኅበራት በየማዕዘኑ ድንኳን ተክለው ቁርስ፣ ውሃና በዝንጅብልና በጨው የተሰናዳ አሬራ በነጻ ያድላሉ። የመንገድ ዳር ነዋሪዎች የግቢያቸውን በር ከፍተው ሴቶች እንዲታጠቡ፣ እንዲጸዳዱና ጥላ ሥር እንዲያርፉ ያደርጋሉ። ከአቱካል የማይርቀው የማናካውድ መስጊድ ግቢውን ለእንግዶች ክፍት በማድረግ ይታወቃል። የክርስቲያኖች ቤቶችና ተቋማትም እንዲሁ ያደርጋሉ። በፓላያም ሠፈር መስጊድ፣ ካቴድራልና የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጎን ለጎን ቆመው በሚታዩበት ከተማ ይህ እንደ ብርቅ አይቆጠርም።

ከቀትር በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ካህናት በየመንገዱ ተሠማርተው የተቀደሰ ውሃ በየምንቸቱ ላይ ይረጫሉ፤ ከአየር አበባ ይርከፈከፋል። በዚህም የፖንጋላው ሥርዓት ይፈጸማል። ሴቶቹ ምንቸታቸውን ከፍተው በመጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎም ለመንገደኛ ያካፍላሉ። የቀረው ለቤተሰብና ለሠፈር ሰው ይወሰዳል። ያቺ የወታደር ሚስት ምንቸቷ ገንፍሎ ሦስቱን ጡቦች ባጠበ ጊዜ እንደ ሕፃን ሳቀች። የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእትዬዋ፣ ሁለተኛውን ለባልደረባችን ሰጠች። ልንጠይቅ ሄደን በልተን ተመለስን።

ጡቦቹስ የት ይደርሳሉ? ሴቶቹ ምንቸታቸውን ይዘው ሲሄዱ ጡቡን በመንገድ ላይ ይተዉታል። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይህን ጡብ ሰብስቦ መጠለያ ለሌላቸው ድኾች ቤት መሥሪያ እንዲውል ያደርጋል። የጽዳት ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በዚያው ምሽት ተሠማርተው አመዱን ይዝቃሉ፤ መንገዱንም በውሃ ያጥባሉ። ጧት ማልዶ የሚወጣ ሰው ትናንት እዚህ ይህን ያህል ምድጃ ነድዶ ነበር ቢሉት ላያምን ይችላል።

ሁለቱ ዓመታት

ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ የኖረ አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2021 እና በ2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴቶቹ ወደ ጎዳና እንዳይወጡ ተደረገ። እያንዳንዷ በየቤቷ ደጃፍ ብቻዋን ጣደች። ሥርዓቱ አልቀረም፤ ሩዙም አልተለወጠ። እኒያ ቼቺ ስለዚያ ጊዜ ሲያነሡ «ምንቸቱ ፈላ፤ ግን የማቀብለው ሰው አልነበረም» አሉን። በ2023 መንገዱ ዳግመኛ ሲከፈት እርሳቸው ከዋዜማው ቀድመው መድረሳቸውንና እንደ ልማዳቸው ሁለት ምንቸት መያዛቸውን አጫወቱን።

ወደ ጦር ሠፈራችን ስንመለስ

ውድ የሠራዊቱ አባላትና የትዳር ጓደኞች፣ ይህን ሁሉ ያወጋናችሁ የሩቅ አገር በዓል ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። በጦር ሠፈር ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ ከተወለደበት ቀዬ ርቆ የሚኖር ነው። የአንዷ እናት ጎጃም፣ የሌላዋ ባሌ፣ የሦስተኛዋ ወሎ ናት። ዝውውር በመጣ ጊዜ ዕቃ ተጭኖ በምሽት ይደረሳል፤ ባል በማግሥቱ ግዳጅ ይወጣል፤ ሚስት በማታውቀው ረድፍ፣ ከማታውቃቸው ጎረቤቶች መሐል ከልጆቿ ጋር ትቀራለች። ሦስት ጉልቻዋን ጎልታ ትቀመጥና እሳት ግን የላትም።

በእንዲህ ያለች ሌሊት ከንፈር የሚመጥላት አታጣም፤ የሚያስፈልጋት ግን ሁለተኛዋ ምንቸት ናት። በየረድፉ ያሉ እናቶች ቀደም ብለው ቢመካከሩ ወጪው ከቍጥር የሚገባ አይደለም። አንዷ ከሰልና ክብሪት፣ አንዷ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንዷ ጥቂት እንጀራ ከሽሮ ጋር፣ አንዷ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ብርድ ልብስ ለሚመጣው እንግዳ አስቀምጣ ብትጠብቅ፣ አዲሷ ጎረቤት በመጀመሪያዋ ምሽት ልጆቿን አብልታ ታስተኛለች። ባልም ግዳጁ ላይ ሆኖ ልቡ አይከፈልም። ባሏ በግዳጅ ላይ ሳለ ምጥ የያዛት፣ ልጇ የታመመባት፣ ወይም መርዶ የመጣባት እኅት በኖረች ጊዜም እንዲሁ ነው። ማን ልጅ እንደሚይዝ፣ ማን ወደ ሕክምና ጣቢያ እንደሚሮጥ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ በጭንቁ ሰዓት ግራ መጋባት አይኖርም።

የተደረገላትም እኅት ውለታውን ለሰጪዋ ለመመለስ አትጨነቅ። ምናልባት ሰጪዋ እስከዚያ ወደ ሌላ ጦር ሠፈር ተዛውራ ይሆናል። እንደ እኒያ ቼቺ ቃል፣ ቀጥሎ ለምትመጣው ትስጥ። እሳት ከምድጃ ወደ ምድጃ የሚጓዘው እንዲህ ነውና። እንግዲህ እመቤቶች፣ ነገ ማታ በረድፋችሁ መጨረሻ ያለው ባዶ ቤት መብራት ቢታይበት፣ ገል ይዛ እስክትመጣ አትጠብቋት፤ ፍሙን ይዛችሁ ሂዱ።